ግላርጂን የኢንሱሊን ፔን፦ ስለ ዕቃውም፣ ከጀርባው ስላሉት እንስሳትም

ግላርጂን ማታ አንዴ ተወግቶ ሌሊቱንና የማግሥቱን ቀን የሚይዝ ኢንሱሊን ነው። እኔ የምጠቀመው በፔን የሚመጣውን ነው፤ 3 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ማለትም 300 ዩኒት የያዘ፣ ከኋላው የሚዞር ቁጥር ያለው፣ ቦርሳ ውስጥ ከእስክሪብቶ ጋር ቢቀላቀል የማይለይ። አንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የጀመረኝ ሃይስኩል እያለሁ ነው። አሁን የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ በሒሳብ ሥራ እተዳደራለሁ። ኤንፒኤች ከሚባለው ነባር ኢንሱሊን ወደ ግላርጂን ከተሻገርኩ ወዲህ "እንዴት ነው?" የሚሉኝ ስኳር ያለባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ሁልጊዜ በአጭሩ "ጥሩ ነው" ብዬ ነው የማልፈው። በዝርዝር ልጻፈው ያሰኘኝ ከጥሩነቱ ሌላ የሚነገር ነገር ስላለው ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

በፊት የነበርኩበት ኤንፒኤች ያ በብልቃጥ የሚመጣው፣ ሲቀመጥ ነጩ ከታች የሚዘቅጠው ነው። የምታውቁት ታውቁታላችሁ፦ በሁለት መዳፍ መሀል ቀስ አድርጎ ማንከባለል፣ አለመናጥ፣ አየር አስገብቶ መሳብ፣ ሲሪንጁን ወደ ብርሃን ይዞ አረፋ መፈለግ። ሰውን አኑሯል፣ እኔንም አኑሮኛል። ችግሩ ከተወጋ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ጉልበቱ አናት ላይ ይወጣል። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ከተወጋሁ ሌሊት ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው ስኳሬ የሚወርደው። አንሶላው በላብ ርሶ፣ ምላሴ ተሳስሮ፣ ባለቤቴ ስኳር በጥብጦ "ጠጪ፣ ጠጪ" ሲለኝ ነው ራሴን የማገኘው። በግላርጂን ይህ ፈጽሞ ቀረ አልልም፤ ግን በጣም ቀነሰ። ሁለቱን ያነጻጸሩ ጥናቶችም የሌሊቱ መውረድ በግላርጂን እንደሚያንስ ነው ያሳዩት።

አሠራሩ ደስ ይላል። ፈሳሹ አሲድነት አለው፣ ፒኤቹ 4 ገደማ ነው። አሲድ እስከሆነ ድረስ ጥርት ብሎ ይቀመጣል፤ ቆዳ ሥር ሲገባ ግን የሰውነት ፈሳሽ አሲዱን ያጠፋውና በደቃቁ ይረጋል፣ ከዚያ ቀስ እያለ እየሟሟ ወደ ደም ይገባል። ለዚህ ነው እንደ ኤንፒኤች ድንገት የማይጋልበው። ከዚሁ የሚመጡ ሁለት ነገሮች ግን አሉ። አንዱ፣ ሲገባ ትንሽ ያቃጥላል፤ በተለይ ከፍሪጅ በቀጥታ ወጥቶ ከተወጋ። ሁለተኛው፣ ከሌላ ኢንሱሊን ጋር በአንድ ሲሪንጅ አይቀላቀልም፤ ከተቀላቀለ ሁለቱም ይበላሻሉ። ስለዚህ ለምግብ የምወስደውን አጭር ጊዜ የሚሠራ ኢንሱሊን አሁንም ለብቻው ነው የምወጋው።

የፔኑ መርፌ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ እንደ ሲሪንጁ አያስፈራም። በተወጉ ቁጥር አዲስ መርፌ ይጠመዳል፣ መጀመሪያ 2 ዩኒት ወደ አየር ይለቀቃል፣ ጫፉ ላይ ጠብታ ከታየ በኋላ ነው መጠኑ የሚዞረው። ተጭነው ሲጨርሱ ወዲያው አይነቀልም፤ እስከ አሥር ቆጥሮ ነው። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፣ የተከፈተው ግን ከ30 ዲግሪ በታች ውጭ ይቆያል፣ በ28 ቀን ውስጥም ማለቅ አለበት። መብራት ሲጠፋ ለሚጨነቁ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ድሬዳዋ ያለችው አክስቴ የእሷን ኢንሱሊን በፌስታል ጠቅልላ፣ በውሃ በራሰ አሸዋ መሀል፣ የሸክላ እንስራ ውስጥ ነው የምታኖረው፤ ይሠራላታል።

ዋጋው ከብልቃጡ ብዙ እጥፍ ነው፣ አንዳንዴም ከገበያ ይጠፋል። አንድ ጊዜ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ፔኖቹ ፀሐይ በሚመታው መስታወት ሥር ተደርድረው አይቼ ሳልገዛ ወጥቻለሁ። እናንተም ከፍሪጅ ሲወጣ ካላያችሁ አትግዙ።

አሁን ወደ ሌላው ልግባ።

ሁለተኛ ልጄን እርጉዝ ሆኜ ይህን ኢንሱሊን መቀጠል አለመቀጠሌን ልወስን ነበር። ሐኪሜ በዓለም ላይ ብዙ እርጉዞች እንደወሰዱት፣ የተለየ ጉዳት በግልጽ እንዳልታየ ነገረችኝ። እኔ ደግሞ ካላነበብኩ አላምንም፤ ለባለሙያ የሚዘጋጀውን ረጅሙን የመድኃኒቱን መግለጫ፣ በመጀመሪያ ስሙ ላንተስ ተብሎ የወጣውን፣ አውርጄ ማንበብ ጀመርኩ። ስለ እርግዝና በሚናገረው ክፍል ሥር ጥንቸሎች አገኘሁ። የሂማሊያ ጥንቸሎች። እርጉዝ ጥንቸሎች፣ የጽንሱ አካል በሚሠራበት ወቅት፣ በየቀኑ በኪሎ እስከ 0.072 ሚሊ ግራም ግላርጂን ተወግተዋል። ከፍተኛውን መጠን ከወሰዱት መካከል ከሁለት እናቶች የተገኙ አምስት ጽንሶች ላይ በአንጎላቸው ውስጥ ያሉት የፈሳሽ ክፍሎች ሰፍተው ታይተዋል። አይጦችም አሉ፤ እነሱ ከመፀነሳቸው በፊት ጀምሮ በኪሎ እስከ 0.36 ሚሊ ግራም ተወግተዋል። ዝቅ ብሎ ሌላ ቦታ ደግሞ የካንሰር ምርመራ፦ አይጦች ሁለት ዓመት ሙሉ፣ የዕድሜያቸውን አብዛኛውን ክፍል ማለት ነው፣ ይህንኑ ተወግተው ውጤቱ ተመዝግቧል።

የጽንሱ አንጎል ውስጥ ያለው ክፍል ሰፋ ብሎ ለመጻፍ ምን መደረግ እንዳለበት ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። እንዲህ ባለ ምርመራ እናቲቱ ልትወልድ ስትቃረብ ትገደላለች፣ ጽንሶቹ አንድ በአንድ ወጥተው ይቆረጣሉ። እኔ የአምስት ወር እርጉዝ ነበርኩ። ያንን አንቀጽ ደጋግሜ አነበብኩት፣ ከዚያ መጠኑን ከራሴ ጋር አሰላሁት። ተረጋጋሁ፤ መርፌውንም ቀጠልኩ። ልጄ ደህና ተወለደች። ያ መረጋጋቴ ከእነዚያ ጥንቸሎች የመጣ መሆኑን ግን አልረሳውም፤ ጥያቄው የእኔ ዓይነት ሴት ጥያቄ ነበር፣ የከፈሉት እነሱ ናቸው።

ወደ ኋላ ሲኬድ ደግሞ ሙሉ ታሪኩ በእንስሳ የተሞላ ነው። በ1889 ስትራስቡርግ ውስጥ ሚንኮቭስኪና ፎን ሜሪንግ የተባሉ ሐኪሞች የአንድ ውሻ ቆሽት አውጥተው ውሻው የስኳር በሽተኛ ሆነ፤ በሽታው ከቆሽት ጋር መያያዙ የታወቀው ያኔ ነው። በ1921 ክረምት ቶሮንቶ ላይ ኢንሱሊንን ያገኙት ባንቲንግና ቤስት ሥራ ሲጀምሩ 10 ውሾች ተሰጧቸው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት 7ቱ ሞቱ። ከዚያ ከመንገድ ውሻ እየገዙ ቀጠሉ። የአንዱን ውሻ ቆሽት ያወጣሉ፣ ከሌላው ቆሽት የጨመቁትን ይወጉታል፣ ስኳሩ ወረደ አልወረደ ያያሉ። ማርጆሪ ያሏት ውሻ በዚህ መርፌ 70 ቀን ገደማ ኖረች። በጥር 1922 መድኃኒቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተሰጠ፦ ለሊዮናርድ ቶምሰን፣ ለ14 ዓመት ልጅ። የመጀመሪያው መርፌ ንጹሕ ስላልነበር አቁስሎት ተቋረጠ፤ ባልደረባቸው ኮሊፕ አጥርቶት ከ12 ቀን በኋላ ሲሰጠው ስኳሩ ወረደ። ከዚያ በፊት እንደ እሱ ያለ ልጅ የሚጠብቀው በረሃብ አመጋገብ ጥቂት ወራት መሰንበት፣ ከዚያም መሞት ነበር። እኔም በሽታው ሲጀምረኝ በዚያው ዕድሜ ክልል ውስጥ ነበርኩ።

"ዩኒት" የምንለው እንኳ መነሻው ጥንቸል ነው። ኢንሱሊን በሚዛን ሊለካ በማይችልበት ዘመን ጉልበቱ የሚታወቀው ምግብ የተከለከለ ሁለት ኪሎ ገደማ የሚመዝን ጥንቸል ተወግቶ ስኳሩ እስከ 45 ሲወርድ ነበር። በዚያ ደረጃ ጥንቸሉ ያንቀጠቅጠዋል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ 45 ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። ለእኔ ስኳር የሚበጠብጥልኝ ሰው ነበረኝ።

ከዚያ በኋላ ለስልሳ ዓመት ያህል የዓለም ኢንሱሊን ከቄራ ነው የመጣው፤ ከአሳማና ከከብት ቆሽት። የአሳማው ከሰው የሚለየው በአንዲት አሚኖ አሲድ ብቻ ነው፣ የከብቱ በሦስት። ሰፈራችን ያሉ አንዲት ሙስሊም እናት ስኳር እንዳለባቸው ሲነገራቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ መርፌው ሕመም አልነበረም። "ልጄ፣ ይሄ የአሳማ ነው ይሉኛል፣ እውነት ነው ወይ?" ነበር ያሉኝ። የእኔም እናት፣ ኦርቶዶክሳዊት ናት፣ ያኔ የጠየቀችው ይህንኑ ነው። መልሱ ዛሬ ደስ የሚያሰኝ ነው። በ1978 የሰው ኢንሱሊን የሚሠራበት መመሪያ (ጂኑ) ባክቴሪያ ውስጥ ገባ፣ በ1982 አሜሪካ ውስጥ ለሽያጭ ተፈቀደ። አሁን ገበያ ላይ የምናገኘው ባብዛኛው ከባክቴሪያ ወይም ከእርሾ የሚሠራ ነው። እትዬም ይህን ሰምተው ተወጉ፤ ደህና ናቸው። (ኤንፒኤች ውስጥ ግን ፕሮታሚን የሚባል ነገር አለ፣ የሚገኘው ከዓሣ የወንድ ዘር ነው፤ ኢንሱሊኑን የሚያዘገየውና ነጭ የሚያደርገው እሱ ነው። ግላርጂን ውስጥ የለም።)

ይህ ለእኔ ትልቁ ማስረጃ ነው። "ያለ እንስሳ አይሆንም" የተባለው ነገር ያለ እንስሳ ሆነ፣ የተሻለም ሆነ፤ የከብቱና የአሳማው ያስከትሉት የነበረው አለርጂና የቆዳ መጎድጎድ ቀነሰ።

አፍ የሌለው ፍጥረት ላይ የሚሠራ ምርምር እዚህም አለ፣ ውጭ ብቻ አይደለም። የአክስቴ ልጅ ፋርማኮሎጂ ሲያጠና የሠራው ስኳር ያወርዳሉ በሚባሉ የአገራችን ዕፀዋት ላይ ነበር፤ እንደ ሽፈራውና ጦስኝ ያሉት በዚህ መንገድ ተመርምረዋል። ነጫጭ አይጦች ቆሽታቸውን የሚጎዳ ኬሚካል ይወጋሉ፣ ስኳራቸው ሲወጣ የቅጠሉን ጭማቂ በቱቦ ይጋታሉ። እንዴት ነው ስኳራቸውን የምትለካው አልኩት። የጅራታቸውን ጫፍ በጥቂቱ ቆርጦ፣ አንድ ጠብታ ደም ጨምቆ፣ ስትሪፕ ላይ። ግሉኮሜትሩን ሲያሳየኝ እኔ ቦርሳዬ ውስጥ የያዝኩት ዓይነት ነው፤ ስትሪፑም ያው። እኔ ጣቴን እየወጋሁ ያን ቁጥር ስጠብቅ ኖሬአለሁ። በዚያ ማሽን የሚለካ ሌላ ፍጥረት እንዳለ አስቤ አላውቅም ነበር፤ እሱ ደግሞ በሽታውን ያገኘው ተሰጥቶት ነው።

ልጁ ክፉ ሰው አይደለም፤ አይጦቹ ሲንቀጠቀጡ እንደሚከብደው፣ ለሥነ ምግባር ኮሚቴ አመልክቶ ፈቃድ እንዳገኘ ነገረኝ። የጠየቅኩት ጥያቄ ግን ይህ ነው፦ ያው ቅጠል ባለፈው በሌላ ተማሪ፣ ከዚያ በፊትም በሌላ ተማሪ በአይጥ ላይ ከተሠራ፣ አንተ ለምን ደገምከው? መመረቂያ ስለሚያስፈልግ። አንዱም ወደ ሰው ሙከራ ሳይሻገር ስንት ጊዜ ይደገማል? እሱም ዝም አለ፣ እኔም አልገፋሁትም።

አንዳንድ ወዳጆቼ "ለፋሲካ በግ እያረድሽ ለጥንቸል ታለቅሻለሽ?" ይሉኛል። አርዳለሁ፣ እበላለሁም። በጉ ግን እስኪታረድ ድረስ ሜዳ ላይ ሲግጥ የቆየ ነው፣ ሞቱም የደቂቃ ነው። የላብራቶሪው እንስሳ ሆን ተብሎ ታምሞ፣ ሕመሙ ይለካል። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማለፍ አይቻልም። በሌላ በኩል "ሁሉም ይቁም" የሚለውን ደግሞ አልቀበልም፤ ያ ቃል በ1921 ቢጸና ኖሮ እኔ አልጽፍም፣ ልጆቼም አይኖሩም። እኔ የምይዘው ይህን ነው፦ ለማይታወቅና ሕይወት ለሚያድን ጥያቄ እንስሳ የሚሞትበት ጊዜ ሊኖር ይችላል፤ ለሚታወቅ ነገር፣ ለልማድና ለወረቀት ሲባል ግን አንዲት አይጥ መሞት የለባትም።

ልማድ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ላሳይ። የሚወጋ መድኃኒት ሁሉ ትኩሳት የሚያመጣ የባክቴሪያ ቆሻሻ እንደሌለበት መረጋገጥ አለበት። ለዚህ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ጥንቸሎች እንዳይንቀሳቀሱ ተይዘው፣ መቀመጫቸው ውስጥ ቴርሞሜትር ገብቶ፣ መድኃኒቱ በጆሯቸው ደም ሥር ተወግቶ ሙቀታቸው ይጠበቅ ነበር። በ1977 አሜሪካ ውስጥ ሌላ መንገድ ተፈቀደ፤ የፈረስ ኮቴ ከሚመስል የባሕር ፍጥረት ሰማያዊ ደም የሚሠራ። ፍጥረቱ ከባሕር ይወጣል፣ ደሙ ይቀዳል፣ ይመለሳል፤ ከመቶ ከ10 እስከ 30 የሚሆኑት ይሞታሉ ተብሎ ይገመታል። አሁን ደግሞ ያው የደሙ ንጥረ ነገር እንደ ኢንሱሊኑ በላብራቶሪ ይሠራል፣ ፍጥረቱ አይነካም። የአውሮፓ ፋርማኮፒያ፣ የመድኃኒት ጥራት የሚመዘንበት መጽሐፍ፣ የጥንቸሉን ምርመራ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ መጠየቅ አቁሟል። መተኪያው ከተገኘ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው! ያን ሁሉ ዘመን ጥንቸሎቹ የተያዙት ሁልጊዜ ሌላ መንገድ ጠፍቶ አልነበረም።

እንግዲህ ወደ ግዢው ስመለስ ይህ ሁሉ አንድ ተግባራዊ ነገር አስተምሮኛል። ግላርጂን ዛሬ በመጀመሪያው አምራች ብቻ አይደለም የሚሠራው፤ ባዮሲሚላር የሚባሉ ቅጂዎች አሉት። የአውሮፓ የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2015 ባወጣው መመሪያ ለኢንሱሊን ቅጂ የእንስሳ ላይ ንጽጽር አልጠይቅም ብሏል፤ በእንስሳ የሚታየው ልዩነት ከላብራቶሪና ከሰው ጥናት ያነሰ መረጃ ስለሚሰጥ። ማለትም ቅጂው የሚመረመረው በኬሚስትሪ፣ በሴል ላይና በፈቃደኛ ሰዎች ላይ ነው። ሰው "ርካሹ ቅጂ ነው፣ ይቅርብኝ" ሲል እሰማለሁ። እኔ ከመጀመሪያው ወደ ቅጂው ከተዛወርኩ ቆይቻለሁ፤ የጠዋት ስኳሬ ላይ ልዩነት አላየሁም፣ የሦስት ወር ምርመራዬም አልተለወጠም። ዋጋው ይቀንሳል፣ አዲስ ጥንቸልም አይጠይቅም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 ረጅም ጊዜ የሚሠሩትን ኢንሱሊኖች ከነቅጂዎቻቸው በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። ስትዛወሩ ግን በሐኪም ምክር ይሁን፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታትም ቶሎ ቶሎ ተለኩ።

ከአምራቾቹ የምጠይቀው አለኝ። ፔኑ ሳጥን ውስጥ ያለችው ታጣፊ ወረቀት ስለ ጥንቸሎቹ አንድም ቃል አትናገርም፤ እኔ ያገኘሁት ፈልጌ፣ በባለሙያ እንግሊዝኛ ነው። ይህ ምርት በየዙሩ ሲመረት በእንስሳ ይመረመራል ወይስ አይመረመርም፣ ትኩሳት የሚያመጣው ነገር የሚፈተሸው በምን ደም ነው፣ የሚለውን በሁለት መስመር መጻፍ ምንም አያስከፍልም። መድኃኒት የሚያስገቡ ሰዎችም ጨረታ ሲወጣ ይህን ጥያቄ ቢያስገቡ መልስ ይገኛል፤ ዋጋና የማብቂያ ቀን የሚጠየቀው ስለተጠየቀ ነው።

ለማን ይሆናል ላላችሁኝ፦ ሌሊት ሌሊት ስኳር ለሚወርድባቸው፣ ብቻቸውን ለሚኖሩ፣ እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ አረጋውያን ግላርጂን በፔን ቢገኝ ጥሩ ነው። ኤንፒኤች ተስማምቷቸው ሳይወርድባቸው ለሚኖሩ ደግሞ ለመቀየር የሚያስቸኩል ነገር የለም፤ ገንዘቡን ለስትሪፕ ቢያውሉት ይሻላቸዋል። የምትገዙት ቅጂም ይሁን የመጀመሪያው፣ ፈሳሹ እንደ ውሃ ጥርት ያለ መሆን አለበት፤ ደመና ካያችሁበት ወይም በረዶ ሆኖ ከነበረ አትወጉት። የተከፈተበትን ቀን ፔኑ ላይ በማርከር ጻፉ፣ መርፌውን ለብቻው መግዛት እንዳለባችሁም ቀድማችሁ እወቁ፤ ብዙ ፋርማሲዎች ፔኑን ይዘው መርፌው አይኖራቸውም።